እናቴን ወደ ዋሽንግተን ለሸኘችልን የትኬት ቢሮ ሰራተኛ ምስጋና

ሰላም ቤተሰብ፣ ይሄን የምጽፈው አዲስ አበባ ትኬት ቢሮ የምትሰራ አንዲት ልጅ ለማመስገን ነው፣ ደሞ እናት አባቱን ወደ አሜሪካ የሚያስመጣ ሰው ካለ እሷ ጋ እንዲሄድ ብዬ ነው።

እናቴ ስኳር አለባት፣ ጉልበቷንም ያማታል፣ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። እኔን ያስጨነቀኝ ከዋጋው ይልቅ ስንት ሰዓት ቁጭ ትላለች የሚለው ነው። መጀመሪያ የጠየቅነው ቢሮ "13 ሰዓት ነው" ብሎ ነው የሸኘን። ይቺ ልጅ ግን እህቴን አስቀምጣ በደንብ አስረዳቻት፣ ርቀቱ ሲሄድም ሲመለስም ያው ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፣ 13 ሰዓት አካባቢ የሚፈጀው ግን ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ቀጥታ ሲመጣ ነው አለቻት። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፣ ለዛ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሳት ይከብዳል፣ ስለዚህ መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፣ በዛ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ከፊት ነው የሚመጣበት። በአጠቃላይ 16፣ 17 ሰዓት ያዙ አለች።

ትኬቱ ላይ ያለውንም ሰዓት ዝም ብላችሁ እንዳትቀንሱ ብላለች። ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ይደርሳል ስለሚል ያየው ሰው 10 ሰዓት ይመስለዋል፣ ግን መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ነው የተጻፈው፣ በሰመር 7 ሰዓት በዊንተር 8 ሰዓት ልዩነት አለ። ይሄን ይዘን ነው የኢንሱሊኗን ሰዓት ከሀኪሟ ጋር ያስተካከልነው፣ ባናውቅ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብም አልፈልግም።

ዊልቸር እዛው ትኬቱ ሲቆረጥ አስመዘገበችላት፣ በሁለቱም ኤርፖርት ተቀብለዋታል። ከሁሉም የነካኝ ግን፣ ወረቀት ላይ ወፈር ባለ ፊደል "እማማ፣ ሌሊት ሲያርፍ ገና አልደረሱም፣ ነዳጅ ሊሞላ ነው፣ ከወንበርዎ አይነሱ፣ ሰው ከጠየቀዎት ይሄን ያሳዩ" ብላ ጽፋ፣ ከስሩ በእንግሊዝኛ ስኳር እንዳለባትና የኔን ስልክ አድርጋ ፓስፖርቷ ውስጥ ከታላታለች። ይሄ ስራዋ አይደለም፣ ማንም አላዘዛትም፣ ኮሚሽንም አያስገኝላትም። እናቴ እዚህ ከደረሰች ጀምሮ "የሰው ልጅ የወለደቻት" እያለች ስትመርቃት ነው የምትውለው።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅሽ ይባረክ፣ የልፋትሽን ዋጋ አምላክ ይክፈልሽ 🙏

ስልኳን አስፈቅጃታለሁ፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስትደውሉላት ግን የሚጓዘው ሰው እድሜውን፣ ህመም ካለበትና የሚወስደው መድሃኒት ካለ መጀመሪያ ንገሯት፣ በረራውን የምትመርጠው እሱን አይታ ነው።