ታብሌት ወይስ ኢ-ሪደር? መጀመሪያ ፋይሉን ክፈቱት

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ የማንበቢያ መሣሪያ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው ዋጋውንና ባትሪውን ነው። ከሁለቱም በፊት መታየት ያለበት ግን የሚነበበው ፋይል ነው። በእጃችን ያለው አብዛኛው የአማርኛ «ሶፍት ኮፒ» ጽሑፍ ሳይሆን የገጽ ፎቶ ነው። መጽሐፉ ስካን ተደርጎ ወይም በስልክ ካሜራ ተነሥቶ በፒዲኤፍ የታሸገ ነው። ታብሌት ይሻላል ወይስ ኪንድልን የመሰለ ኢ-ሪደር (ለንባብ ብቻ የተሠራ መሣሪያ) የሚለውን ከምንም በላይ የሚወስነው ይኸው ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ፋይሉን ስልካችሁ ላይ ክፈቱና አንድ ቃል ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ቆዩ። ቃሉ ተለይቶ ከተመረጠ ጽሑፍ ነው፤ ካልተመረጠ ፎቶ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ቃሉ ይመረጣል፣ ግን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ይህ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የድሮ ፎንቶች የተተየበ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ማተሚያ ቤቶችና ጸሐፊዎች ግን ከዚያም በኋላ በድሮዎቹ ፎንቶች መተየባቸውን አላቆሙም። እንዲህ ያለው ፒዲኤፍ ሲታይ ደህና ነው። ወደ ኢፐብ (ፊደሉ ከስክሪኑ ስፋት ጋር የሚስተካከል የመጽሐፍ ፋይል) ልቀይረው ያላችሁ ዕለት ግን መጽሐፉ በሙሉ ይበላሻል። ስለዚህ እሱንም ከፎቶው ወገን ቁጠሩት።

አሁን ልኬቱን እንመልከት። የባለ 6 ኢንች ኢ-ሪደር ስክሪን ወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኤ4 ወረቀት ደግሞ 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ገጹ ሙሉውን ስክሪኑ ላይ እንዲገባ ሲደረግ ከዋናው መጠኑ 41 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል፤ በ12 ነጥብ የተተየበ ፊደል 5 ነጥብ ብቻ ይሆናል። የላቲን ፊደል በዚህ መጠን ዓይን አጥብቦም ቢሆን ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱን የሚሸከመው በጥቃቅን ጭረቶች ነው። «ሌሊት» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። የመጀመሪያው ፊደል ቀኝ እግሩ ሥር ትንሽ ቀለበት አለው፣ ሁለተኛው በዚያው ቦታ አጭር ሰረዝ። ፊደሉ ሲያንስና ስካኑ ትንሽ ሲደበዝዝ የቀለበቷ ቀዳዳ በቀለም ይደፈንና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ዓይን ፊደሉን ትቶ ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት መገመት ይጀምራል። ድካሙም ከዚህ ይመጣል እንጂ ከስክሪኑ ዓይነት ብቻ አይደለም።

ኢ-ሪደር ያለው ሰው ግን ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ ስካንን ለትንሽ ስክሪን የሚያዘጋጅ ኬ2ፒዲኤፍኦፕት የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ፊደሉን ለማንበብ አይሞክርም። በቃላት መካከል ያለውን ነጭ ክፍተት አይቶ እያንዳንዱን ቃል እንደ ፎቶ ይቆርጠዋል፣ ከዚያም በትንሹ ስክሪን ስፋት ልክ እንደገና ይደረድረዋል። ቋንቋ ስለማይመርጥ ለአማርኛም ይሠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ፋይሉን ፕሮግራሙ ላይ ትጥሉታላችሁ፣ የመሣሪያችሁን ሞዴል ትመርጣላችሁ፣ በመጀመሪያ ከ10 ገጽ ያልበለጠ ትሞክራላችሁ፣ ውጤቱ ካማረ ሙሉውን ትቀይራላችሁ። የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ በሁለት ነጥብ (፡) ቃል የሚለዩ የቆዩ ኅትመቶች ላይ ነጩ ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ ሁለትና ሦስት ቃል እንደ አንድ ይቆጥራል። ሁለተኛ፣ በስልክ ተነሥተው የተጣመሙ ገጾች ላይ መስመሩን ይስታል። በሁለቱም ጊዜ ገጹን እንደገና መደርደሩን ትታችሁ ዳር ዳሩን ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ አስቆርጡና ስክሪኑን አግድም አዙራችሁ አንብቡ፤ አንዱን ገጽ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ታዩታላችሁ፣ ግን ፊደሉ ይለያል።

ታብሌት ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ9 ፕላስ 11 ኢንች ነው፤ ቁም ሲያዝ የስክሪኑ ወርድ 14.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የኤ5 ወረቀት ወርድ ነው፤ ብዙው የአማርኛ ልቦለድና ታሪክ መጽሐፍ ደግሞ በዚሁ መጠን አካባቢ ይታተማል። ስለዚህ ገጹ እንደታተመ በተፈጥሮ መጠኑ ይታያል። ኤ4 የሆነ የዩኒቨርሲቲ ሞጁልም ቢጠብ ከዋናው መጠኑ 70 በመቶ ያህል ይሆናል። ታናሹ ታብ ኤ9፣ ባለ 8.7 ኢንቹ፣ ወርዱ 11.3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጥራቱም 1340 በ800 ብቻ። ለኤ5 ስካን ይበቃል፣ ለኤ4 አይበቃም። በእኛ ግምት ለስካን መጽሐፍ ታብሌት የሚገዛ ሰው ከ10 ኢንች በታች፣ ከ1920 በ1200 ጥራት በታችና ከ4 ጊጋ ራም በታች መውረድ የለበትም። የራሙ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ፤ 150 ሜጋ የሚሆን ስካን ሲከፈት ባለ 2 ጊጋ ታብሌት ገጽ በገለጣችሁ ቁጥር ይተክዛል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይዘጋል። ለማንበቢያ ሪድኢራ የሚባለው አፕ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የፒዲኤፍን ባዶ ዳርም ይቆርጣል።

እንግዲህ እስካሁን ታብሌቱ መርቷል። ወደ ውጭ ወጥታችሁ ጣና ዳር ስትቀመጡ ነገሩ ይገለበጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ርካሽ ታብሌት በቀን ብርሃን መስታወት ይሆናል፤ ከጽሑፉ ይልቅ የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ። ብርሃኑን እስከ ጫፍ ብትጨምሩትም ከባትሪው ይበላል እንጂ ብዙ አይረዳም። የኢ-ሪደር ስክሪን ግን ራሱ ብርሃን አያመነጭም። ስክሪኑ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች የያዙ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ ኤሌክትሪክ ጥቁሩን ወይም ነጩን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ኃይል እንደዚያው ይቆያል። እንደ ወረቀት ፀሐዩ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይጠራል። ኃይል የሚበላውም በአብዛኛው ገጽ ሲገለጥና መብራቱ ሲበራ ነው።

ስለ ባትሪው አምራቾች የሚሉትን ግን መንዝራችሁ ተረዱት። እ.ኤ.አ. የ2021 ኪንድል ፔፐርዋይት «እስከ 10 ሳምንት» የተባለለት በቀን ግማሽ ሰዓት ተነቦ፣ ዋይፋይ ተዘግቶ፣ መብራቱ መካከለኛ ሆኖ ነው። በሰዓት ሲቆጠር 35 ሰዓት ንባብ ማለት ነው። በቀን 3 ሰዓት የሚያነብ ሰው 12 ቀን ገደማ ያገኛል። ያም ሆኖ ታብሌት በአንድ ቻርጅ ከሚሰጠው 8 ወይም 10 ሰዓት ጋር አይወዳደርም። መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ ልዩነቱ ይታያል፦ የፔፐርዋይቱ ባትሪ 1,700 ሚሊአምፒር-ሰዓት፣ የታብ ኤ9 ፕላሱ 7,040 ነው። ባለ 10,000 ፓወር ባንክ የሚባክነው ተቀንሶ ኢ-ሪደሩን 4 ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ታብሌቱን ግን አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ገጠር ለተመደበ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ፣ ለስልክ ቻርጅ ተብሎ የተሠራች ትንሽ የሶላር መብራት እንኳ ኢ-ሪደርን በደንብ ታኖራለች።

የጎጃም አንባቢ ሌላም የራሱ ጉዳይ አለው። ዋሸራንና ጎንጅን፣ ዲማንና ደብረ ኤልያስን የመሰሉ ጉባኤ ቤቶች ባሉበት አገር፣ መሣሪያው ላይ የሚጫነው ልቦለድ ብቻ አይደለም፤ ዳዊቱ፣ ስንክሳሩ፣ ድጓውም አለ። በነዚህ መጻሕፍት ቀይ ቀለም ጌጥ አይደለም፤ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም የሚለየው በእሱ ነው። ጥቁርና ነጭ ኢ-ሪደር ቀዩን ግራጫ ያደርገዋል። በድጓ ደግሞ ከመስመሩ በላይ የሚቀመጡት የዜማ ምልክቶች ከፊደሉ በብዙ ያነሱ ናቸው፤ በ6 ኢንች ላይ ምልክቱ ጠፍቶ ንባቡ ብቻ ይቀራል፣ ያለ ምልክት ደግሞ ድጓው ለዜማ ተማሪ አይሆንም። እንደ ኮቦ ሊብራ ከለር ያሉ ባለ ቀለም ኢ-ሪደሮች አሉ፤ ግን ጥቁሩን በአንድ ኢንች በ300 ነጥብ ሲያሳዩ ቀለሙን በ150 ነው የሚያሳዩት፣ ስክሪናቸውም ከጥቁርና ነጩ ይልቅ ጠቆር ይላል። ለድጓና ለብራና ፎቶ ያለ ጥርጥር ታብሌት ግዙ። ገጹን በሁለት ጣት አስፍቶ ምልክቱን ማየት የሚቻለው እዚያ ላይ ነው።

ፋይላችሁ እውነተኛ ጽሑፍ ከሆነ፣ ወይም አብዛኛው ንባባችሁ የእንግሊዝኛ ኢፐብ ከሆነ፣ ኢ-ሪደር ያለ ተወዳዳሪ ይመረጣል። ከሁለቱ ታዋቂ ዓይነቶች፣ ከኪንድልና ከኮቦ፣ ለአማርኛ እኛ የምናስቀድመው ኮቦን ነው። ኮቦ ኢፐብን በዩኤስቢ ገመድ በቀጥታ ይቀበላል። ኪንድል በገመድ የተጫነ ኢፐብ አይከፍትም፤ ወይ ካሊበር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኤዜድደብሊው3 ወደሚባለው የኪንድል ፋይል መቀየር አለበት፣ ወይ በአማዞን የመላኪያ አገልግሎት በኩል መሄድ አለበት፤ እሱ ደግሞ አካውንትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኔትወርክ በሚቋረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ኮቦም ቢሆን መጀመሪያ ሲነሣ ዋይፋይ ስለሚጠይቅ፣ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው እዚያው ከፍቶና አስተካክሎ እንዲልከው አድርጉ።

የአማርኛው ፊደል በባዶ ሳጥን ከወጣ መሣሪያው አልተበላሸም፤ ፎንት አጥቶ ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባሉትን ነፃ ፎንቶች አውርዱ። መሣሪያውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኙና ከሁሉም ፎልደሮች ውጭ «ፎንትስ» የሚል ፎልደር ክፈቱ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት (fonts) ይጻፍ። አዳዲስ ኪንድሎች ላይ ፎልደሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። የፎንቱን ፋይል እዚያ አስገቡና ገመዱን በሥርዓቱ ንቀሉ፤ መጽሐፉን ከፍታችሁ ከፊደል ምርጫው ላይ አዲሱን ፎንት ምረጡ። የመጽሐፉ ርዕስ ዝርዝሩ ላይ ሳጥን ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ እሱን በካሊበር ርዕሱን በላቲን ፊደል ጽፎ ማለፍ ነው።

ሁለቱንም በአንድ የሚሰጥ መሣሪያም አለ፦ ባለ 10.3 ኢንች ኢ-ሪደር። ኦኒክስ ቡክስ የሚያወጣቸው በአንድሮይድ ይሠራሉ፤ ስክሪናቸው 15.7 በ20.9 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ኤ5 ማለት ይቻላል። ስካኑንም ፀሐዩንም ይችላሉ። ችግሩ ዋጋቸው ነው፤ ቡክስ ጎ 10.3 ሲወጣ 380 ዶላር ገደማ ነበር፣ ታብ ኤ9 ፕላስ ደግሞ 220 ዶላር ገደማ። አቅሙ ላለው ተመራማሪ ግን ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

ስብራትን በተመለከተ ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ለኢ-ሪደር ነው። የአብዛኞቹ ስክሪን ከላዩ ፕላስቲክ ቢመስልም ከሥሩ ስስ መስታወት አለ። በሻንጣ ውስጥ የቻርጀር ራስ ሲጫነው ከላይ ምንም ሳይታይ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ስታበሩት ግማሹ ገጽ ተጣብቆ የቀረ ሥዕል፣ ግማሹ መስመር መስመር ይሆናል። ይህ አይጠገንም ማለት ይቀላል፤ መለዋወጫው ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም በቀላሉ አይገኝም። የታወቀ ታብሌት ስክሪንና የቻርጅ መሰኪያ ግን ማንኛውም ደህና የሞባይል ጠጋኝ ይቀይራል። ደጀን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ በአውቶቡስ የሚመላለስ ሰው ኢ-ሪደሩን ጠንካራ ሽፋን ያልብሰው፣ ከሻንጣው ግርጌም አያድርገው። ለክረምቱ ዝናብ ግን ፔፐርዋይት ይሻላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የወጡት 2 ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውኃ ውስጥ 60 ደቂቃ እንዲቋቋሙ ሆነው ተሠርተዋል። ታብ ኤ9 ይህ የለውም።

ያገለገለ ኪንድል ሲቀርብላችሁ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አረጋግጡ። የቻርጅ መሰኪያውንም እዩት፤ አሮጌዎቹ ማይክሮ ዩኤስቢ ናቸው፣ መሰኪያውም ሲያረጅ ይላላል። መብራቱን በጨለማ ቦታ እስከ ጫፍ ጨምራችሁ ነጭ ገጽ ላይ ነጠብጣብ ፈልጉ። እ.ኤ.አ. የ2019ኙን መደበኛ ባለ 6 ኢንች ኪንድል ለአማርኛ አትግዙት፤ ጥራቱ በአንድ ኢንች 167 ነጥብ ስለሆነ «ሌሊት» እንደገና ይደፈናል። ታብሌት ስትገዙ ደግሞ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ራምና ጥራት አትመኑ። በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ያላችሁን ከሁሉም የከበደ ስካን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት፣ ወደ መካከሉ ዝለሉና 20 ገጽ በተከታታይ ግለጡ። ከዚያ ታብሌቱን ይዛችሁ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ውስጥ ቁሙና ያንኑ ገጽ አንብቡት።