የፊት ሲቪ ጆይንት የምታስቀይሩ ሰዎች፣ «የወጣው አሮጌ» ተብሎ የሚሰጣችሁን ብረት በደንብ እዩት

ነገሩ የሆነው ከትናንት በስቲያ ነው፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ላንድ ክሩዘር ፒክ አፕ ይዛችሁ በዚህ ክረምት የጮቄን ጭቃ የምትወጡና የምትወርዱ ሁሉ አንብቡት።

መኪናዬ ከረቡዕ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ ድንች ታመላልሳለች። ከሰኔ ጀምሮ ፎር ዊል አስገብቼ፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹም እንዲጎትቱ አድርጌ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ስጠመዝዝ ከግራ የፊት ጎማ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይወጣ ጀመር። ይህን ድምፅ የማያውቅ ሹፌር የለም። ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ፣ በሴሚያሱ፣ ጫፍ ላይ ባለው መጋጠሚያ (ሲቪ ጆይንት የሚባለው እሱ ነው) ውስጥ ስድስቱ ኳሶች የሚሄዱበት ቦይ ተበልቷል ማለት ነው፤ ቸል ከተባለ አንድ ቀን ዳገት ላይ ተሰብሮ ያስቀራል። ስለዚህ ማስቀየሬ ልክ ነበር። ያበድኩት በቦታው ምርጫ ነው።

የጋራዡን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። መኪናው ሳይቆም ወንበር የሚያቀርብ፣ ድምፁን ሳይሰማ ዋጋ የሚናገር፣ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ ይህ ኦሪጅናል ዕቃ ገበያ ላይ የለም» የሚል። 46,000 ብር ብሎ ጀመረ፤ ከነጉልበቱ በ42,000 ተስማማን። አዲሱን ዕቃ ከካርቶኑ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ያብረቀርቃል። «በፍልሰታ አልዋሽም» ሲልም ማለ። ከዚያ «ሥራው ግራሶ ነው፤ ልብስዎ ይበላሻል፤ ምሳዎን በልተው ይምጡ» አለኝ። ሄድኩ። ሽሮዬን ተረጋግቼ በላሁ፤ ቡናም ደገምኩ።

ስመለስ ጎማው ታስሮ መኪናዋ ወርዳለች። ረዳቱ ልጅ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብረት ይዞ መጣና «ጋሼ፣ የወጣው ይኸው፤ እንዴት እንደተበላ ይዩት» አለኝ። ጋዜጣውን ገለጥኩት። ብረቱ ደረቅ ነበር። አገላብጬ ሳየው ቡናማ ዝገት መዳፌ ላይ ቀረ፤ በሱሪዬ ጠረግኩት።

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ያ መጋጠሚያ የሚኖረው በግራሶ በተጠቀጠቀ ድቡልቡል ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ ከዚያ የወጣ ብረት እጅን እስከ አንጓ በጥቁር ግራሶ ይለውሳል እንጂ ዝገት አያራግፍም። ይህን አውቃለሁ! ሃያ ዓመት መሪ ይዣለሁ። ዝገቱን በገዛ እጄ ጠርጌ፣ የገዛ ሱሪዬን አቆሽሼ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። ይህም አልበቃኝ ብሎ ለልጁ 200 ብር ጉርሻ ሰጠሁት። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ 42,000ው አይደለም፤ ያቺ 200 ብር ናት።

ከዚያ ሰውየው ራሱ መሪ ይዞ አስፋልቱ ላይ ወጣን። ወደ ግራ ጠመዘዘ፣ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። ዝም። «ምን ይሰማዎታል?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። እሱ በምን እንደሳቀ አሁን ገብቶኛል።

በማግስቱ ከረቡዕ ገበያ በላይ ጭቃው ውስጥ ገብቼ ፎር ዊል ባስገባ የፊት ጎማዎቹ አይጎትቱም። ወርጄ ሳይ ጎማዎቹ እምብርት ላይ ያሉት ማዞሪያዎች ሁለቱም «ፍሪ» ላይ ናቸው። እኔ ዝናብ ከገባ ጀምሮ «ሎክ» ላይ ትቻቸው ነበር። «ፍሪ» ላይ ሲሆኑ ጎማው ብቻውን ይዞራል፤ ሴሚያሱ ምንም ጭነት አይሸከምም፤ ያለቀለት መጋጠሚያም ድምፅ አይሰጥም። የትናንቱ ጸጥታ ያ ነበር። ሁለቱንም ወደ «ሎክ» መልሼ፣ ገብቼ መሪውን ጠመዘዝኩት። ቀጭ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። አጠገቤ የተቀመጡት የድንቹ ባለቤት፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ «አስቀየርኩት ያልከኝ ይህንኑ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንደምንም ወርጄ ሌላ መካኒክ ዘንድ አስፈታሁት። ከላይ አዲስ ግራሶ ተለቅልቋል። ሲጠረግ ከሥሩ የዲፈረንሻል ዘይት ያቀጠነው አሮጌው ጥቁር ግራሶ፣ ከዚያም ያው የተበላ ቦይ። ኳሶቹ እንኳ አልተነኩም። ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበትም እንደተቀደደ ነው።

ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። «ጋሼ» ቀርቷል፤ አሁን «አንተ ሰውዬ» ሆኛለሁ። ወንበሩም የለም። «ጭቃ ውስጥ እየነዳህ ዕቃ አይበረክትም ትላለህ?» አለኝ። በአንድ ቀን! የተፈታውን ብረት ፊቱ ስይዝለት «ይህ ከእኔ ቤት ለመውጣቱ ደረሰኝህ የታል?» አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀት እንኳ አልያዝኩም። የቆሙት ልጆች ሳቁ።

ሲፈታ አጠገቡ ቁሙ፤ ልብስ ይታጠባል። አሮጌውን ከመፈታቱ በፊት በቀለም ምልክት አድርጉበት። ፍተሻውን ራሳችሁ ነድታችሁ፣ ማዞሪያዎቹን «ሎክ» አድርጋችሁ፣ ፎር ዊል አስገብታችሁ፣ አፈር ላይ መሪውን በሁለቱም ወገን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛችሁ አድርጉት። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ።

ልወጣ ስል ያ ረዳት ልጅ እስከ በሩ ተከተለኝ። ሊያዝንልኝ፣ ምናልባትም ጉርሻውን ሊመልስልኝ መስሎኝ ቆምኩ። ዞር ዞር ብሎ አየና «ያ አሮጌው ብረት አብሮህ ካለ ስጠን፤ እንፈልገዋለን» አለኝ።

አልሰጠሁትም። መቀመጫዬ ሥር አለ፣ ከነጋዜጣው።