የግል እርሻ ላይ የዝይ አደን፦ ለጋይዱ አራት ኮከብ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ስቴት፣ ከቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ማዶ ኢስተርን ሾር በሚባለው አካባቢ፣ እርሻ ተከራይቶ ዝይ የሚያሳድን ጋይድ (አደን መሪ) አለ። የምወቅሰውም ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሄድኩት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነው።

“የግል መሬት ላይ ማን ይጠይቀኛል?” ለሚል ሰው ይሄ ጋይድ ጥሩ መድኃኒት ነው። መሬቱ የገበሬው ነው፤ ወፏ ግን አይደለችም። እንደ ዝይ ያሉ ተሰዳጅ ወፎች ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ይጠበቃሉ።

ሰውየው ብር ከመቀበሉ በፊት ወረቀት ጠየቀን። የስቴቱ የአደን ፈቃድ፣ የሜሪላንድ የተሰዳጅ ወፎች ቴምብር፣ ከዚያ 25 ዶላር የሚሸጠው የፌዴራሉ የዳክዬ ቴምብር። ይሄ የመጨረሻው ዳክዬም ሆነ ዝይ ለሚያድን 16 ዓመት ለሞላው ሁሉ ግዴታ ነው፤ ባለ እርሻውም በገዛ መሬቱ ላይ አይቀርለትም። ባልደረባዬ ቴምብሩ ላይ አልፈረመም ነበር። እዚያው አስፈረመው።

ቀጥሎ ጠመንጃ። ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ መወተፉን በእጁ ፈተሸ። የእርሳስ ጥይትም ከ1991 ወዲህ ለውሃ ወፍ ክልክል ነው። ጭቃ ውስጥ የቀረውን እርሳስ ዳክዬዎች ከጠጠር ጋር ውጠው ይመረዛሉና። እኛ የያዝነው የብረት ጥይት ነበር።

ልቤን የገዛው ግን የበቆሎው ጉዳይ ነው። ገበሬው እንደ ወጉ ምርቱን ሰብስቦ መሬት ላይ የሚራገፈው ፍሬ ችግር የለውም። ፍሬውን ሳይሰበስብ አገዳውን አጭዶ ከጣለው ወይም ጆንያ በቆሎ አምጥቶ ከበተነ ግን ቦታው ማባበያ የተጣለበት ይባላል። ጠራርጎ ቢያነሳው እንኳ ለ10 ቀን አይታደንበትም። “አላውቅም ነበር” ማለትም ሁሌ አያድንም፤ ማወቅ ነበረብህ ከተባልክ አለቀልህ። ጋይዱ ገና ሳይነጋ በባትሪ ማሳውን አዞረን፣ ምርቱ በወጉ መሰብሰቡን እንድናይ የኮምባይነሩን ዱካ አሳየን። ብዙ ጋይድ እዚህ ጋ “እመኑኝ” ብሎ የሚያልፍ ይመስለኛል።

መተኮስ የሚቻለው ፀሐይ ልትወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ጀምሮ እስክትጠልቅ ነው። ያ ሰዓት ሳይደርስ ዝይዎቹ በአናታችን ሲያልፉ እጃችንን አስሰበሰበን። ባልደረባዬ ተንጨረጨረ።

እኔ ዝይ አልበላም፤ እናቴ ብትሰማ ጉድ ይፈላ ነበር። ድርሻዬን ለባልደረባዬ እዚያው ሜዳ ላይ ልሰጠው ስል ጋይዱ ካርድ አወጣ። ከቤት ውጭ በስጦታ ለሚሰጥ ወፍ የአዳኙ ፊርማና አድራሻ፣ የወፉ ዓይነትና ብዛት፣ የታደነበት ቀን ተጽፎ መታሰር አለበት። ጭንቅላቱ ወይም አንድ ክንፉ ከነላባው ሳይቆረጥ ነው ቤት የሚገባው።

አሁን ወቀሳው። ድረ ገጹ “ሁሉም ተካቷል” ይላል፤ ፈቃዱና ቴምብሩ ግን ከራስ ኪስ ነው። ይሄን አስቀድሞ መናገር ምን ይከብዳል? ቡናውን ቡና ማለት ይከብደኛል። አንዷን ኮከብ የቀነስኩት ግን ባከራየኝ ቦቲ ነው፤ የግራው ውሃ ያስገባል።