ፈጣን የኢንተርኔት ፓኬጅ መግዛት ወይስ ራውተሩ ላይ ትራፊኩን መገደብ?

አንዱ ትልቅ ፋይል ወደ ክላውድ ሲጭን የሌላው ቪዲዮ ጥሪ የሚቆራረጠው መስመሩ ስለጠበበ ብቻ አይደለም። ፓኬቶቹ (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክባቸው ትናንሽ ክፍሎች) ሞደሙ ውስጥ ተሰልፈው ስለሚጠብቁ ነው፤ 20 ሚሊሰከንድ የነበረው ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ወደ መቶዎች ይወጣል።

ወጪ፦ ፈጣን ፓኬጅ በየወሩ ያስከፍላል። ትራፊክ ሼፒንግ፣ ማለትም ራውተሩ ላይ ትራፊኩን መገደብ፣ ራውተሩ ይህ አገልግሎት ካለው ነጻ ነው።

መዘግየት፦ ፍጥነት ሲጨመር ወረፋው ቶሎ ይለቃል እንጂ አይቀርም፤ አንድ ከባድ አፕሎድ መልሶ ይሞላዋል። ሼፒንግ ግን ወረፋውን ከሞደሙ አውጥቶ ራውተሩ ላይ ያመጣዋል። እዚያ ኤፍኪው-ኮደል ወይም ኬክ የተባለው ስልት ግንኙነቶቹን ለየብቻ አሰልፎ ተራ ይሰጣቸዋል። ቁልፉ ገደቡ ላይ ነው፦ የተለካው የአፕሎድ ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ከሆነ ገደቡን 9 ላይ ያድርጉት። 10 ላይ ከተዉት ወረፋው ተመልሶ ሞደሙ ውስጥ ይከማቻል። ያቺ አንድ ሜጋቢት ብትቀር አትቆጭም።

ስጋት፦ ፕሮሰሰሩ ደካማ የሆነ ራውተር በፈጣን መስመር ላይ ራሱ ማነቆ ይሆናል። ፍጥነቱ በሚዋዥቅ የሞባይል ኢንተርኔት ላይም ቋሚ ገደብ ማውጣት ያስቸግራል።

ጥሪና ጌም የሚቆራረጠው ሌላ ሰው ሲጭን ወይም ሲያወርድ ብቻ ከሆነ ሼፒንጉን ይሞክሩ፤ እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚያ ነው። ሌላ ማንም ሳይጠቀም እንኳ መስመሩ ለአንድ ቪዲዮ የማይበቃ ከሆነ ግን ፍጥነቱን ያሳድጉ።