የቨርጂኒያ ቀድሞ ድምፅ መስጫ፦ አራት ኮከብ ከእኔ

ቨርጂኒያ እየኖራችሁ ድምፅ የምትሰጡት ምርጫው በሚውልበት ማክሰኞ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። ምርጫው 45 ቀን ሲቀረው ጣቢያ ይከፈታል። ለምን ቀድመህ መጣህ የሚል የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ግን ምክንያት ማቅረብ ግድ ነበር። ኡበር ለሚነዳ፣ የሌሊት ሺፍት ለሚገባ፣ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። መንጃ ፈቃድ ታሳያላችሁ፣ ስማችሁን ያያሉ፣ ወረቀቱን ሞልታችሁ ማሽኑ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ አለቀ። እኔ የሄድኩበት ጣቢያ ሰልፍ አልነበረውም፣ ሠራተኞቹም ትሁቶች ናቸው። (ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ግን እንዳትመዘገቡ፤ ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው፣ መዘዙም ከባድ ነው።)

እንዲህ ቀሎም ብዙ ሰው አይሄድም። "የኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?" ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 እዚሁ ቨርጂኒያ ለአንድ የግዛት ምክር ቤት ወንበር የተወዳደሩ ሁለት ሰዎች እኩል 11,608 ድምፅ አግኝተው በዕጣ ተለዩ። ዕጣው ለሪፐብሊካኑ ወጣ፣ ፓርቲውም ምክር ቤቱን 51 ለ 49 ያዘ። ከተቃራኒው ወገን አንድ ሰው ብቻ ከቤቱ ቢወጣ ኖሮ ዕጣ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

የ2021 የገዥነት ምርጫ ደግሞ አለ። ሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ዴሞክራቱን ቴሪ ማኮሊፍን ያሸነፉት ወደ 1.66 ሚሊዮን ድምፅ አግኝተው ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ትራምፕ በዚሁ ግዛት ሲሸነፉ ያገኙት ወደ 1.96 ሚሊዮን ነበር። አያችሁ? ያሸነፉት ሰውዬ ከተሸነፉት ያነሰ ድምፅ ነው ያገኙት! ሐሳቡን የቀየረ ሰው የለም አልልም፣ ግን ለባይደን ወጥቶ ከነበረው ሕዝብ ውስጥ በጣም ብዙው ያን ዓመት ቤቱ ቀረ፣ በሌላው በኩል ግን የተናደደውና የጓጓው ወጣ። በያንግኪንና በማኮሊፍ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 64 ሺሕ ድምፅ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የእኛም ሰው እንዴት እንደተንቀሳቀሰ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የአገር ቤቱ ጦርነት እዚህ ያለነውንም ከፋፍሎን ነበር፣ የባይደንን የኢትዮጵያ ፖሊሲ የተቃወሙ ለያንግኪን ድምፅ ስጡ እያሉ ቀሰቀሱ፣ ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገቡበት ዕድል) እንደሚያስወጡ ያስታወቁትም በዚያው በምርጫው ቀን ነበር። ውጤቱን የወሰንነው እኛ ነን ማለቴ አይደለም። ግን ፖለቲከኞች እኛን መቁጠር የሚጀምሩት ስንወጣ ሲያዩን ነው፣ በዚህ የትኛውንም ወገን ብትደግፉ አንለያይም።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት በቋንቋ ነው። ድምፅ መስጫ ወረቀቱ እንዲተረጎም የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የሚያቅፈው ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ ቋንቋዎችንና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ነው። የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም። ቁጥራችን የፈለገውን ያህል ቢሆን አማርኛ በዚህ ሕግ አይገባም፣ ይሄ ያናድደኛል፣ ወኪሎቻችንን አጥብቀን ልንጠይቅበት የሚገባ ጉዳይ ነው። እስከዚያው ግን እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናትና አባቶቻችን የሚረዳቸውን ሰው ይዘው የመግባት መብት አላቸው፤ ልጅም ጎረቤትም ይሆናል፣ አሠሪያቸውና የሠራተኛ ማኅበራቸው ወኪል ግን አይችሉም። ብዙዎቹ ይህን ስለማያውቁ ይቀራሉ።

ቀድሞ መስጫው የሚዘጋው ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 5 PM) ላይ ነው።