ጉሬዛ ወይስ ጦጣ፦ በጅማ ጓሮ የትኛውን መወዳጀት ይሻላል?

ጅማ ውስጥ ከቡናው በላይ ዋንዛ የቆመበት ጓሮ እንግዳ አያጣም። ጦጣ ቶሎ ትለምዳለች፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። አንድ ቀን ሙዝ ከእጅዎ ከቀመሰች፣ በማግስቱ በመስኮት ገብታ መሶቡን ራሷ ትከፍታለች። ስትከለከል ደግሞ ትነክሳለች፤ ንክሻዋ ለእብድ ውሻ በሽታ ሊያጋልጥ ይችላል።

ጉሬዛ ግን ኩሩ ነው። ሆዱ ብዙ ክፍል ያለውና ቅጠል የሚያብላላ በመሆኑ ዳቦዎን አይለምንም፤ ቢሰጡትም ሆዱን ሊያውከው ይችላል። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቅርንጫፉን በአራት ጣቱ ስቦ ቅጠሉን በአፉ ሲቀነጥብ ማየት ያስደስታል። ግልገሉ ነጭ ሆኖ ይወለዳል። እኔ ጉሬዛን መርጫለሁ፤ ወዳጅነታችንም እርሱ ከላይ፣ እኔ ስኒዬን ይዤ ከታች ነው።