ጎማ ውስጥ ያለ ሞተር ሲግል፦ ቀዳዳ፣ ዘይት ወይስ ፌሮፍሉይድ?

ጅማ ላይ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ራሳቸው የሚገጣጥሙ ልጆች ጥያቄ አንድ ነው፦ «የጅሬን ዳገት ላይ ሞተሩ ይግላል፤ አየር እንዲገባ ሽፋኑን ልብሳው ወይስ ዘይት ልጨምርበት?» ሁለቱንም ተዉት፣ ፌሮፍሉይድ (ማግኔት የሚስበው ፈሳሽ) ግዙ። መጀመሪያ ግን ነፃውን መፍትሔ ሞክሩ። ሙቀት የሚጨምረው በአምፔሩ ካሬ ስለሆነ፣ ለሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረውን ኮንትሮለር ከ100 ወደ 80 አምፔር ስታወርዱት የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 36 በመቶ ይቀንሳል። ሳንቲም አልወጣም።

ቀዳዳ ርካሽ ይመስላል፤ ወጪው የትራፓኖ ፑንታ ብቻ ነው። ደረቅ አገር ቢሆን አልከራከርም። የጅማ ዝናብ ግን ክረምትን አይጠብቅም። ውሃና ቀይ ጭቃ ይገባል፣ ከፍሬን ዲስክ የሚላጨው የብረት ብናኝ ማግኔቱ ላይ ይለጠፋል፣ በማግኔቱና በጥቅሉ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የኩሽኔታ፣ የሆል ሴንሰር (የማግኔቱን ቦታ የሚያነበው) እና የጥቅሉን ሽቦ እንደገና የማስጠምጠም ዋጋ ደምሩና ርካሽነቱን ፈልጉት።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሙቀት በማውጣት አይታማም። ችግሩ ሞተሩ ዘይት እንዲይዝ አለመሠራቱ ነው። ዘይቱ በአክስሉ ቀዳዳ ከሚወጡት ሽቦዎች መካከል እየተሳበ ይወጣል፣ በኩሽኔታውም በኩል ያልፋል። ዲስኩ ላይ ከደረሰ የፍሬን ሸራው አለቀለት፤ ፍሬን ማጣቱ ሳይቆጠር የሸራውን ዋጋ ዘይቱ ላይ ጨምሩ።

ፌሮፍሉይድን ማግኔቱ ራሱ ስቦ ክፍተቱ ውስጥ ያቆየዋል፤ የጥቅሉን ሙቀት ወደ ውጪው ብረት ያሻግራል፣ ሽፋኑም እንደተዘጋ ይቆያል። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀው የካናዳው ግሪን ቴክኖሎጂስ ስታቶሬድ ነው። ዋጋ ሲነገራችሁ ለሚሊሊትር አካፍሉት፤ ትልቅ ብልቃጥ ሁሉ ርካሽ አይደለም። የፕሪንተር ቶነር በዘይት በጥብጠው የሚሸጡም አሉ። ጠብታውን ብርጭቆ ላይ አድርጉና ከሥር ማግኔት አስጠጉ፦ እውነተኛው እንደ ጃርት እሾህ ይቆማል፣ ዘይትና ዱቄት ሆኖ አይለያይም። ቶነሩ ወደ ማግኔቱ ሸሽቶ ንጹሕ ዘይት ወደ ኋላ ከቀረ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አገባቡ፦ ሽፋኑ ላይ በክፍተቱ ትይዩ 3 ሚሊሜትር ብሱ። ብናኙን እንዲይዝ ፑንታውን ግሪስ ቀቡ፣ አልፎ ጥቅሉን እንዳይነካም በፕላስተር ልኩን ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ከፋርማሲ በተገዛ ሲሪንጅ 2 ሚሊሊትር እየጨመራችሁ ጎማውን በአየር ላይ አሽከርክሩ፤ በእኩል ፍጥነት ያለ ጭነት የሚወስደው አምፔር ከፍ ማለት ሲጀምር አቁሙ። ከዚያ በላይ ያለው ጎማውን እየጎተተ ጉልበት ይበላል፣ የተረፈውም ይፈስሳል። ቀዳዳውን በብሎንና በሲሊኮን ዝጉ። (ሞተራችሁ መሐል ላይ ሆኖ በሰንሰለት የሚነዳ ከሆነ ይህን አትግዙ፤ ጥቅሉ በአብዛኛው ውጪው ቅርፊት ላይ ስለተጣበቀ አየር የሚነፋበት ፋን ይበቃዋል።)

ሽፋኑን የምትከፍቱ ከሆነ ደግሞ ሙቀት የሚለካ 10 ኪሎኦም ቴርሚስተር ጥቅሉ ላይ በኢፖክሲ ለጥፉ፤ ከሁሉም የሚረክሰው ዕቃ እሱ ነው። ተራ ኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ በላይ ጉልበቱን ለዘለቄታው ማጣት ሊጀምር ስለሚችል፣ የማግኔቱን ደረጃ ካላወቃችሁ ኮንትሮለሩ ጥቅሉ 100 ዲግሪ ሳይሞላ አምፔር እንዲቀንስ አስተካክሉት።